ዲስክ ጎልፍ የሚወድ ሰው የመኖሪያ አካባቢውን እንዴት ይምረጥ?

አሜሪካ ውስጥ ከተማ ለመቀየር የሚያስብ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ስራ አለ ወይ? ኪራዩ እንዴት ነው? ዘመድ ማን አለ? ዲስክ ጎልፍ የለመደ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ ከስራ ስወጣ የት እወረውራለሁ? ጥያቄው ቅንጦት አይደለም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከቤት የሚያስወጣችሁ፣ በእግር የሚያስኬዳችሁ፣ ከሰው የሚያገናኛችሁና ኪስ የማይጎዳ ነገር ካገኛችሁ፣ ቤት ስትመርጡ አብሮ መታሰብ አለበት።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። አካሄዱ የጎልፍ ነው፤ በዱላና በኳስ ፋንታ ግን የፕላስቲክ ዲስክ ይወረወራል። ከመነሻው ትወረውራላችሁ፣ ካረፈበት ትቀጥላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ትከታላችሁ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ላ ካኛዳ ፍሊንትሪጅ በሚገኘው ኦክ ግሮቭ ፓርክ ተሰራ። የነደፈው ኤድ ሄድሪክ ነው፤ ባለሰንሰለቱን ቅርጫት የፈጠረውም እሱ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ሜዳው በሺህ ይቆጠራል። አብዛኛው የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ በነጻ ይገባል።

1. ከካርታው በፊት የራሳችሁን ሳምንት እዩ

ብዙ ሰው "ብዙ ሜዳ ያለው ስቴት የቱ ነው?" ብሎ ይጀምራል። መልሱ ቀላል ነው፤ ቴክሳስ፣ ዊስኮንሰን፣ ሚኔሶታ፣ ሚሺጋንና ኖርዝ ካሮላይና ከፊት ከሚሰለፉት ናቸው። ችግሩ፣ ይህ መልስ ስለ እናንተ ኑሮ ምንም አይናገርም። ከሂዩስተን ኤል ፓሶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም ቴክሳስ ናቸው። ኤል ፓሶ ያለ ቆንጆ ሜዳ ሂዩስተን ለሚኖር ሰው ምን ይፈይዳል? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህም ይሰራል።

ስለዚህ ወረቀት ያዙና ስንት ሰዓት እንደምትወጡ፣ የትኛው ቀን ነጻ እንደሆናችሁ ጻፉ። 18 ቅርጫት ያለውን ሜዳ መጨረስ ለብቻ ከሆነ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አራት ሆናችሁ ከተጫወታችሁ ሁለት ሰዓት ያልፋል።

ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ለሆነ ወይም ሊሞ ለሚነዳ ሰው ጠዋቱ የእሱ ነው። በስራ ቀን ጠዋት ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ሜዳ እንኳ ባዶ ነው፤ ስለዚህ የሕዝብ ብዛት አያስፈራችሁ። ቢሮ የሚሰራ ሰው ግን ከብርሃን ጋር ይሽቀዳደማል። ታኅሣሥ ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሲያትል ከዚያም ትቀድማለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ክረምቱን የሚያተርፍለት ሜዳው ለስራው ቅርብ መሆኑ ነው።

2. ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያለውን ቁጠሩ

ዩዲስክ የሚባለውን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ሜዳዎችን በካርታ ያሳያል፤ ተጫዋቾች የጻፉትን አስተያየትም ታነባላችሁ። ልትኖሩበት ያሰባችሁትን ሰፈር ያዙና በመኪና ሃያ ደቂቃ የሚያስኬደውን ብቻ ቁጠሩ። ደቂቃውን ደግሞ እሑድ ጠዋት ባለው መንገድ አትለኩት፤ ከስራ መውጫ ሰዓት ባለው ትራፊክ ለኩት።

ሜሪላንድ ውስጥ ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን ውሰዱ። ካርታ ላይ ስታዩት ጌይተርስበርግ ያለው ሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ቅርብ ይመስላል። ጫካ ውስጥ ያለ በጣም ጥሩ ሜዳ ነው። ማታ ማታ ግን 270 የሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲጨናነቅ ብርሃኑ መኪና ውስጥ ያልቅባችኋል። ለስራ ቀን ኮሌጅ ፓርክ ያለው ካልቨርት ሮድ ይሻላል፤ ሴኔካ ክሪክን ለቅዳሜ አስቀምጡት። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩም ምርጫ አላቸው። አርሊንግተን ብሉሞንት ፓርክ አለ፣ ወደ ፌርፋክስ ሲሄዱ በርክ ሌክ፣ ሎርተን ላይ ደግሞ ፖሂክ ቤይ።

ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። አንድ አጭር ሜዳ፣ አንድ ጫካ፣ አንድ ረጅምና ገላጣ ሜዳ በቅርብ ካላችሁ ሦስቱ ከአስር ተመሳሳይ ሜዳ ይበልጣሉ። አጭሩ ላይ ፑት፣ ማለትም ከቅርብ ወደ ቅርጫቱ መወርወር፣ ትለማመዳላችሁ፣ ጀማሪ ጓደኛና ልጅም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ጫካው ቀጥ አድርጎ መወርወር ያስተምራል። ገላጣው የክንዳችሁን ኃይል ያወጣዋል።

3. የአየሩን ጉዳይ በወር በወር አስቡት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ሰው ሁሉ አየሩን በአማካይ ያስበዋል፤ ተጫዋች ግን የሚያስፈልገው በዓመት ስንት ወር ሳይማረር እንደሚወጣ ማወቅ ነው።

ሚኔሶታ ብዙ ሐበሻ አለ፣ ሜዳውም እጅግ ጥሩ ነው። ሳውዝ ሴንት ፖል ያለው ካፖዝያ፣ ኢደን ፕሬሪ ያለው ብራያንት ሌክ፣ ከከተማው በስተሰሜን ያለው ብሉ ሪበን ፓይንስ ስማቸው የታወቀ ነው። ክረምቱ ግን ቀልድ አያውቅም። የሚገርመው፣ የዚያ አገር ተጫዋቾች በበረዶም አያቆሙም። ረዘም ያለ ሪባን ቆርጠው በቴፕ ዲስኩ ላይ ይለጥፋሉ። ዲስኩ በረዶ ውስጥ ሲሰምጥ ጅራቱ ውጭ ይቀራል፤ በእሱ ይገኛል። ያለ ሪባን የወረወራችሁት ነጭ ዲስክ በረዶው ሲቀልጥ ነው የሚገኘው። ብርዱ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ጣትም ይደነዝዛል፣ የውርወራው ርቀትም ይቀንሳል። ይህን ከወደዳችሁት ሚኔሶታ ያኖራችኋል። ካልወደዳችሁት የዓመቱን አንድ ሦስተኛ ቁጭ ብላችሁ ታሳልፋላችሁ።

ዳላስ ተቃራኒው ነው። ክረምቱ ለመወርወር ተስማሚ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ቀትር ላይ መውጣት ለጤናም ጥሩ አይደለም። በማለዳ መነሳት የሚችል ሰው ዳላስን ይወዳታል። ላስ ቬጋስም እንዲሁ ናት። ሳንሴት ፓርክ የካቲት ላይ እጹብ ነው፣ ሐምሌ ላይ ግን አይሞከርም።

ሲያትል ውስጥ ዝናቡ ኃይለኛ አይደለም፤ ግን አያባራም። ጥሩ ጫማና ሁለት ሦስት ፎጣ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ይጫወታል። ኖርዝ ሲታክ ፓርክ ያለው ሜዳ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሬይኒየር ቫሊና ከሬንተን ሩቅ አይደለም። በበጋ ደግሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብርሃን አለ፤ ከስራ ወጥታችሁ በልታችሁ ትደርሳላችሁ።

በእኔ ግምት አየሩ ከሁሉም የሚስማማው ከቨርጂኒያ ደቡብ ጀምሮ በኖርዝ ካሮላይና እስከ ሰሜን ጆርጂያ ያለው አካባቢ ነው። ክረምቱ ጃኬት ይጠይቃል እንጂ አያስቀርም። በጋው ይሞቃል፤ ግን አብዛኛው ሜዳ ጫካ ስለሆነ ጥላ አለ።

4. መሬቱ ጨዋታችሁን ይቀይረዋል

ዴንቨርና አውሮራ ብዙ ወገን አለ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኩ የሚንሳፈፍበት ኃይል ይቀንሳል፤ ቀኝ እጁን ከደረቱ አሻግሮ ለሚወረውር ሰው ዲስኩ ቶሎ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከሜሪላንድ ይዛችሁ የሄዳችሁት ዲስክ እዚያ ሌላ ጠባይ ያሳያችኋል። ቀለል ያሉና በቀላሉ ወደ ቀኝ የሚዞሩ ዲስኮች ያስፈልጓችኋል። ተጨማሪ ወጪ ነው፤ አንድ ዲስክ ከ10 እስከ 20 ዶላር ስለሆነ ግን ለመሄድ የሚከለክል አይደለም።

ካንሳስ ላይ ዳኛው ንፋስ ነው። ኤምፖሪያ የምትባል ወደ 24,000 ሰው ያላት ከተማ በ2016 እና በ2022 የዓለም ሻምፒዮና አስተናግዳለች። ለአንድ ሳምንት ለመጎብኘት ከኤምፖሪያ የሚበልጥ ቦታ ጥቂት ነው። ለመኖር ግን ሌላ ሂሳብ አለው። ዝነኛ ውድድር ያለበት ቦታና ለእናንተ የሚመች ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ውድድሩ በዓመት ለጥቂት ቀናት ነው፤ እንጀራውና ስራው ግን የየቀን ናቸው።

ጫካ ስትመርጡ ከጫካው ጋር የሚመጣውንም እወቁ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኔሶታና ዊስኮንሰን ውስጥ ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ። ከጨዋታ ስትመለሱ እግራችሁንና የጉልበታችሁን ጀርባ ፈትሹ፣ ልጆችንም ፈትሹ። ፖይዝን አይቪ የሚባለው ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ተክልም ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል። ዲስክ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ቅጠሉን መለየት ተማሩ።

5. ሰዉን ፈልጉ

ሜዳ ብቻውን አያቆያችሁም። የሚያቆያችሁ ሊግ ነው። በብዙ ከተማ በሳምንት አንድ ማታ ሰው ይሰበሰባል፣ ጥቂት ዶላር ያዋጣል፣ በዕጣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይጫወታል። ዕጣው ጥሩ ነገር አለው። ጀማሪው ከጎበዙ ጋር ይወጣል፤ ከእሱ ዲስክ አያያዝና እግር አጣጣል ይማራል። እንግሊዝኛችሁ ገና ቢሆንም ችግር የለም፤ "ጥሩ ውርወራ" ማለት ከቻላችሁ ማታው ያልፋል። ለአገሩ አዲስ የሆነ ሰው ከስራና ከቤተክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ውጭ ጓደኛ የሚያገኝበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

ሊጉ ሕያው መሆኑን ለማወቅ ያለፈውን ወር ውጤት እዩ። ስድስት ወር ያልተነካ ገጽ ሰው እንደሌለ ይናገራል። የሴቶች ሊግ መኖሩንም እዩ። ሴቶች በብዛት የሚመጡበት ሜዳ ለቤተሰብም ይመቻል።

6. ሜዳው የማን እንደሆነ ጠይቁ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የካውንቲ ወይም የከተማ ፓርክ ውስጥ ያለ ሜዳ የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነው። የግል መሬት ላይ ያለው ባለቤቱ ሲሸጥ አብሮ ሊሄድ ይችላል። የሚያስከፍሉ የግል ሜዳዎች ብዙ ጊዜ በደንብ ይያዛሉ፤ ግን ቤት የምትገዙት በአንዱ ብቻ ተማምናችሁ አይሁን።

የእኔ ምርጫ

ከባዶ ጀምር ብባል ሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና እሄዳለሁ። ምክንያቴ ቁጥር ብቻ አይደለም። ሆርኔትስ ኔስት፣ ሬኔሳንስ፣ ኔቪንና ኪልቦርን የሚባሉት ሜዳዎች ሁሉም እዚያው ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ኪልቦርን አጭር ነው፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ካለበት ከምሥራቁ ሰፈርም ሩቅ አይደለም። ሬኔሳንስ ላይ ግን ቆም ትላላችሁ። ከፊታችሁ ጥድ ነው። በሁለት ግንድ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ትንሽ ካዘነበለ ዲስኩ ግንዱን መትቶ እግራችሁ ስር ይመለሳል። ሲያልፍ ደግሞ ያ ዝምታ፣ ከዚያ የሰንሰለቱ ድምፅ! እዚያ ክረምት ያሳለፈ ሰው የትም ቢሄድ ቀጥ አድርጎ ይወረውራል። ደቡብ ካሮላይና ድንበር ተሻግሮ ሮክ ሂል ደግሞ፣ በዊንትሮፕ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከ1999 ጀምሮ የአሜሪካ ሻምፒዮና ይካሄዳል። የዓለም ምርጦቹን ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ታያላችሁ።

ዘመድና ማኅበር የሚበልጥባችሁ ከሆነ ዲሲ አካባቢ ያዋጣል፤ ሜዳው እንደ ሻርሎት ባይሆንም አያሳፍርም። አትላንታም ጥሩ ናት። ፐርከርሰን ፓርክና ሊቶኒያ ያለው ሬዳን ፓርክ አሉ፤ በአይ 20 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ከነዳችሁ ደግሞ አፕሊንግ ውስጥ የፒዲጂኤ (የዲስክ ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር) ማዕከልና ሦስት ሜዳዎች አሉ። አውሮፓ ያላችሁ ፊንላንድን እዩ፤ 5.6 ሚሊዮን ሕዝብ ላላት አገር ከ1,000 በላይ ሜዳ አላት። ስቶክሆልም ያላችሁም ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ የርቫ የሚባለው ሜዳ እዚያው ከተማችሁ ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ያሰባችሁትን ከተማ በጣም ደስ በሚለው ወር አትጎብኙት። ዳላስን በነሐሴ፣ ሚኔሶታን በጥር፣ ሲያትልን በኅዳር እዩ። ዲስካችሁን ያዙ፣ ልትከራዩ ካሰባችሁት ቤት በር ተነሱና በስራ ቀን፣ በመውጫ ሰዓት ወደ ሜዳው ንዱ። የመኪና ማቆሚያው ስፍራ ስንት መኪና እንዳለ እዩ። መነሻው ላይ ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ ወይም ጭቃ ሆኖ እንደሆነ እዩ፤ ቅርጫቱ ላይ የጎደለ ሰንሰለት ካለ እዩ። ያገኛችሁትን ተጫዋች ሰላም በሉና ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሊግ በየትኛው ማታ ነው? ክረምት ላይስ ስንት ሰው ይመጣል?