ከመፍቻው በፊት ቆጣሪው፦ የቤት ውስጥ የውሃ ብክነትን በራስ እጅ ማስቆም

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሳ ቶሎ ይጠገናል፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚፈስ ውሃ ግን ሳይታወቅ ወራት ያስቆጥራል። ስለዚህ የቤቱን የውሃ መስመር ራሱ መጠገን የሚፈልግ ሰው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ውሃው የት እንደሚጠፋ ማወቅ አለበት። ለዚህም ቆጣሪው፣ ሰዓትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ።

ማንም ውሃ በማይጠቀምበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከመኝታ በፊት፣ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች በሙሉ ይዝጉ፤ የውሃ ማጠራቀሚያ ካለም እስኪሞላ ይጠብቁ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጽፈው ይያዙ። በብዙ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኩብን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ያለውን መጠን ስለሚያሳዩ ቀዮቹን መጻፍ አይዘንጉ፤ ትንሽ ፍሳሽ የሚታየው በእነርሱ ላይ ነው። ከ2 ሰዓት ቆይታ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ውሃ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ቆጣሪው መሐሉ ላይ ኮከብ የመሰለች ትንሽ መዘውር ካለችው መጠበቅም ላያስፈልግ ይችላል፤ ሁሉም ነገር ተዘግቶ እርሷ ቀስ እያለችም ቢሆን ከዞረች ምልክቱ ግልጽ ነው። ቀጥሎ ወደ መጸዳጃ ቤቱ የውሃ ገንዳ የሚገባውን ማጥፊያ ዘግተው እንደገና ይመልከቱ፤ መዘውሯ ከቆመች ጥፋተኛው ተገኝቷል። ካልቆመች የቤቱን ዋና ማጥፊያ ይዝጉ። ያም ሆኖ መዞሯን ከቀጠለች ፍሳሹ ያለው በቆጣሪውና በዋናው ማጥፊያ መካከል፣ ምናልባትም መሬት ውስጥ በተቀበረው መስመር ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

በእኔ ልምድ ጥፋተኛ ሆኖ ደጋግሞ የሚገኘው የመጸዳጃ ቤቱ ገንዳ ነው። ገንዳው የሚያፈሰው በሁለት መንገድ ሲሆን ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ክዳኑን አንስተው ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ይጨምሩና ውሃ ሳይለቁ ለግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወርዶ ከታየ ከገንዳው ሥር ያለው የጎማ መድፈኛ በደንብ አይገጥምም ማለት ነው። ማጥፊያውን ዘግተው ገንዳውን ካራገፉ በኋላ ጎማውንና የሚያርፍበትን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚሻክር የውሃ ቆሻሻ ተጋግሮበት ስለሚገኝ በጨርቅ ማጽዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ጎማው ደርቆ ወይም ተጣሞ ከሆነ ግን መቀየር አለበት፤ አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። መድፈኛውን የሚስበው ሰንሰለት ከመጠን በላይ አጥሮ ጎማውን አንጠልጥሎት እንዳይሆንም ይመልከቱ። ሁለተኛው መንገድ በገንዳው መሐል የቆመው የትርፍ ውሃ መውረጃ ነው። ውሃው እስከ መውረጃው አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የገንዳውን ውሃ ልክ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ ተስተካክሏል ማለት ስለሆነ፣ የውሃው ከፍታ ከመውረጃው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ ማስተካከያውን ብሎን ያዙሩ። ተንሳፋፊው ዝቅ ብሎም ውሃው መግባቱን ካላቆመ ያረጀው የመሙያው ጎማ ነው።

ወደሚንጠባጠበው ቧንቧ ስንመለስ፣ ጉዳቱን በዓይን ከመገመት መለካት ይሻላል። ከሥሩ ብርጭቆ አስቀምጠው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። 100 ሚሊ ሊትር ከተጠራቀመ በቀን 14.4 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ከ5 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይፈሳል ማለት ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ያለቀች ጎሚኒ፣ ማለትም ቧንቧው ሲዘጋ ውሃውን የምታግድ ትንሽ ጎማ፣ ናት።

እርሷን ለመቀየር መጀመሪያ ከሲንኩ ሥር ያለውን ማጥፊያ፣ እርሱ ከሌለ ዋናውን ይዝጉ፤ ቀጥሎም ቧንቧውን ከፍተው በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ከመፍታትዎ በፊት የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ይድፈኑ፤ እጀታውን የሚይዘው ብሎን ትንሽ ስለሆነ ወደ ቀዳዳው ከገባ ሌላ ሥራ ይፈጥራል። በእጀታው አናት ላይ ያለችውን ቀይ ወይም ሰማያዊ ምልክት ያላት ክዳን በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቀው ያንሱ፣ ከሥሯ ያለውን ብሎን በጠመንጃ መፍቻ ይፍቱ፣ እጀታውንም ወደ ላይ ይሳቡ። ከዚያ የሚታየውን ባለ ስድስት ጎን የነሐስ ክፍል በልኩ መፍቻ ወደ ግራ ሲያዞሩ በሌላ እጅዎ የቧንቧውን አካል አጥብቀው ይያዙ፤ አለበለዚያ ቧንቧው ራሱ ሊዞር፣ ዝገት የበላው መስመር ከሆነም ግድግዳው ውስጥ ሊሰበር ይችላል። የወጣውን ክፍል ገልብጠው ቢያዩት ጎሚኒዋ ጫፉ ላይ ትገኛለች፤ መሐሏ ላይ ክብ ጉድጓድ ሠርታ ወይም ጠርዟ ተቦጭቃ ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል። የፈቷቸውን ዕቃዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው፤ ሲመልሱ ከመጨረሻው ይጀምራሉ። አዲሷን ከመግጠምዎ በፊት ጣትዎን አስገብተው ጎሚኒዋ የምታርፍበትን የነሐስ ጠርዝ ይዳስሱ። ጠርዙ ከተቦረቦረ አዲሷም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስለምትቆረጥ ጠርዙን ማስተካከል ወይም ቧንቧውን መለወጥ ያስፈልጋል። ሩብ ዙር ብቻ የሚዞሩትና ባለ አንድ እጀታ ቧንቧዎች ግን በአብዛኛው ጎሚኒ ሳይሆን የሴራሚክ ዲስክ ስላላቸው የውስጡ ክፍል እንዳለ ይቀየራል። አንድ ነገር ላሳስብ፦ የሚንጠባጠብ ቧንቧን በኃይል አጥብቆ መዝጋት ጎሚኒዋን ይበልጥ ይጨርሳታል።

ቴፍሎን፣ ማለትም በመጋጠሚያ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ስስ ነጭ ጥቅል፣ በብዙ ሰው ዘንድ ለሁሉም ፍሳሽ መድኃኒት ተደርጎ ይታያል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ቴፍሎን የሚያገለግለው ውሃውን የሚያግደው የብሎኑ ጥርስ ራሱ በሆነበት መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው። እንደ ተጣጣፊ ቱቦ ያሉት፣ ውስጣቸው ጎማ ያላቸው መጋጠሚያዎች፣ የሚታሸጉት በጎማው ስለሆነ ቴፍሎን አይጨምርላቸውም፤ እንዲያውም ጎማው በደንብ እንዳይጫን ሊያደርግ ይችላል። ሲጠቀልሉት የጥርሱን ጫፍ ወደ ራስዎ አዙረው በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 ዙር ሳብ እያደረጉ ያዙሩት። በተቃራኒው ከተጠቀለለ መጋጠሚያው ሲጠብቅ ይገፈፋል።

የተዘጋ ሲንክን ለመክፈት ኬሚካል ከማፍሰስ በፊት የጎማ መግፊያ ይሞክሩ። በሲንኩ ጠርዝ ያለውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ካልደፈኑት ግን ግፊቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ይህ ካልሠራ ከሥሩ ያለውን የታጠፈ የፍሳሽ ቱቦ፣ ሲፎኑን፣ በእጅ መፍታት ይቻላል። ሲፎን የታጠፈው ውሃ ይዞ የፍሳሽ ሽታን እንዲያግድ ስለሆነ ሲፈታ ያ ውሃ ይፈሳልና ባልዲ ከሥሩ ያስቀምጡ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈታ ባልዲውን አልረሳሁም፤ የረሳሁት ሲፎኑ አለመኖሩን ነው። የወጣውን ጥቁር ውሃ ተመልሼ እዚያው ሲንክ ውስጥ ደፋሁትና እግሬ ላይ አረፈ። ኬሚካል ግድ ከሆነ ደግሞ በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አያዋህዱ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው።

ፍሳሹ ከቆመ በኋላ ስለ ቁጠባ ማሰብ ይቻላል፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ፊት ሲታጠቡ ለውሃ መሳሳት ብዙ አይጠቅምም። ሻወሩን በ10 ሊትር ባልዲ ይለኩ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 15 ሊትር ይፈሳል፣ የ8 ደቂቃ ሻወርም 120 ሊትር ይወስዳል፤ በደቂቃ 9 ሊትር በሚያወጣ አናት ቢተካ ግን 72 ሊትር ይበቃል። በቧንቧው አፍ ላይ የሚገጠመው ወንፊት ከተደፈነ ፈትተው ኮምጣጤ ውስጥ ያሳድሩት። ትልቅ የመጸዳጃ ገንዳ ካለዎት ውሃ የተሞላ ጠርሙስ መክተት በየልቀቱ የጠርሙሱን ያህል ይቆጥባል፤ ነገር ግን ተንሳፋፊውን የማይነካበት ቦታ ያስቀምጡት፣ ጡብም አይጠቀሙ፣ ጡብ ይፈረፈራልና። ሁለት ጊዜ መልቀቅ ካስገደደዎት ጠርሙሱን ያውጡት።

ግድግዳ ውስጥ ያለ መስመርና የጋዝ ማሞቂያ የባለሙያ ሥራ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ ሲሠሩም አስቀድመው ኃይሉን ያጥፉ። ዋናውን ማጥፊያ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ዘግተው ይክፈቱት፤ ሳይነካ የኖረ ማጥፊያ በሚያስፈልግበት ቀን ተጣብቆ አልዞር ይላል። ጥገናው ሲያልቅ ውሃውን ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ወረቀት እየነኩ ርጥበት ይፈልጉ፣ በዚያው ሌሊትም ቆጣሪውን ደግመው ያንብቡ።