ስለ ዩና ማርሰን ስናነብና ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዩና ማርሰን ጃማይካዊት ገጣሚ ናት። ተውኔት ጽፋለች፣ መጽሔት አቋቁማለች፣ በቢቢሲ ራዲዮ ሠርታለች። እኛ ዘንድ ስሟ ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ «የአፄ ኃይለ ሥላሴ ጸሐፊ የነበረችው ጥቁር ሴት» ተብሎ ይታለፋል። ግጥሞቿን ለሚወድ ሰው ይህ ያንገበግባል። ስለዚህ ስለ እሷ ማንበብ ወይም መጻፍ ለሚፈልግ ሰው፣ ቢጠነቀቅባቸው የምላቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

አንደኛው ስህተት፦ ታሪኳን ከንጉሡ መጀመር

ማርሰን በ1936 አፄ ኃይለ ሥላሴን ስታገኝ የ31 ዓመት ሴት ነበረች። ያኔ ገና ስም የምትፈልግ ጀማሪ አልነበረችም። የተወለደችው በ1905 በጃማይካ ገጠር፣ በሴንት ኤልዛቤት ነው። አባቷ የባፕቲስት ቄስ ነበሩ። አባቷ ሲሞቱ ቤተሰቡ ወደ ኪንግስተን መጣ፤ እሷም በአጭር ጽሕፈትና በታይፕ ሙያ ራሷን ቻለች። በ1928 «ዘ ኮስሞፖሊታን» የተባለ የራሷን መጽሔት አቋቋመች። በጃማይካ የራሷን መጽሔት በማዘጋጀትና በማሳተም የመጀመሪያዋ ሴት ናት። መጽሔቱ ገንዘብ አጥሮት በ1931 ቆመ። በመሀል በ1930 የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፏ ወጣ፤ የጃማይካ ኢንስቲትዩትም የመስግሬቭ ሜዳሊያ ሸለማት። ሁለተኛው መጽሐፍ በዓመቱ ተከተለ።

በ1932 ለንደን ገባች። እዚያ ዶክተር ሃሮልድ ሙዲ የሚባሉ ጃማይካዊ ሐኪም ፔካም ሰፈር ባለው ቤታቸው አሳደሯት። ታይፕ የምትችል፣ መጽሔት የመራች ሴት በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ሥራ አጣች። ስለዚህ ሙዲ ላቋቋሙት የጥቁሮች ማኅበር ያለ ደመወዝ ጸሐፊ ሆነች፤ የማኅበሩን መጽሔትም አዘጋጀች። በጥር 1934 «አት ዋት ኤ ፕራይስ» የተባለው ተውኔቷ ለንደን በሚገኘው ስካላ ቴአትር ታየ። ተዋንያኑ የማኅበሩ አባላት ነበሩ። የተውኔቱ ባለታሪክ ከገጠር ወደ ኪንግስተን መጥታ ታይፒስት የሆነች፣ ነጭ አለቃዋ የሚያማልላት ወጣት ናት። በ1935 ደግሞ ኢስታንቡል ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ ተገኝታ ተናገረች።

ይህ ሁሉ የሆነው ከንጉሡ በፊት ነው።

ሁለተኛው ስህተት፦ የጄኔቫውን ንግግር ለእሷ መስጠት፣ የጻፈችልንን ግጥም ደግሞ መርሳት

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድ፤ እኛን በቀጥታ የሚነካን ይህ ነውና።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ ማለትም የአገራችን መልእክተኛ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ነበሩ። እንግሊዞች ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ይሏቸዋል። በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ሕንድ ያደጉት፣ ሐኪም ሆነው ወደ አገራቸው የተመለሱት ሰው ናቸው። ማርሰን መጀመሪያ የሠራችው በእሳቸው ለጋሲዮን፣ እንደ ኤምባሲ ባለ መሥሪያ ቤት፣ ውስጥ ነው። ወዶ ዘማች እሆናለሁ የሚለው፣ ገንዘብ የሚልከው፣ የሚያጽናናው፣ የሚጠይቀው ብዙ ነበር። ያ ሁሉ ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል። ሥራው ታይፕ መምታት፣ ደብዳቤ መመለስ፣ ቀጠሮ ማስያዝ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በታሪክ መጽሐፍ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ያለ እሱ ግን አንድ ለጋሲዮን አንድ ቀን አይቆምም።

ንጉሡ በሰኔ 1936 መጀመሪያ ለንደን ሲገቡ የእሳቸው ጸሐፊ ሆነች፤ ወደ ጄኔቫም አብራ ሄደች። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሡ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨትና ጩኸት ሲያሰሙ፣ እሷ ጄኔቫ ነበረች። ከዚህ ተነስቶ «ያን ታላቅ ንግግር የጻፈችው እሷ ናት» ማለት ግን አይሆንም። ንጉሡ የተናገሩት በአማርኛ ነው። እሷ አማርኛ ተናጋሪ አልነበረችም። የጸሐፊነት ሥራ በራሱ ክብር አለው፤ ያልሠራችውን ጨምረንላት ትልቅ ማድረግ አያስፈልጋትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ልብ ይሰብራል። የመንግሥታት ማኅበሩ በዚያው ሐምሌ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። ማርሰን በድካምና በሐዘን ተሰብራ በመስከረም ወደ ጃማይካ ተመለሰች።

የኢትዮጵያ ነገር ግን ከውስጧ አልወጣም። ሦስተኛው የግጥም መጽሐፏ «ዘ ሞዝ ኤንድ ዘ ስታር» በ1937 ኪንግስተን ታተመ። በውስጡ «ለጆ እና ለቤን» የሚል ግጥም አለ። ይህን ርዕስ የሚያይ የውጭ አንባቢ ሁለት እንግሊዛውያን ጓደኞቿ ይመስሉታል። ጆ እና ቤን የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ናቸው፤ ዮሴፍ እና ቢንያም። እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ፣ በጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር የተሰለፉ ወንድማማቾች። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ጣሊያኖች ገደሏቸው። ጃማይካ ተቀምጣ የአለቃዋን ልጆች ሞት የሰማች ሴት፣ በቤት ስማቸው ጠርታ አለቀሰችላቸው። በካሪቢያን ግጥም ውስጥ የእኛ የሰማዕታት ስም አለ ማለት ነው። ስለ የካቲት 12 ስንጽፍ ይህ ግጥም አለመነሳቱ ይቆጨኛል።

ሦስተኛው ስህተት፦ ጃማይካና ኢትዮጵያ ሲባል ወዲያው ራስታ ማለት

የራስ ተፈሪያን እምነት በጃማይካ የበቀለው በዚያው በ1930ዎቹ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ይምታታል። ማርሰን ግን ራስታ አልነበረችም። ኢትዮጵያን ያገኘችው በለንደን የጥቁሮች ፖለቲካ ውስጥ፣ በለጋሲዮኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1938 «ፖኮማኒያ» የሚል ተውኔት ኪንግስተን ላይ አሳይታለች፤ እሱም ስለ ሌላ ነገር ነው፣ በከበሮና በመንፈስ ስለሚመለክበት የጃማይካ ተራ ሕዝብ እምነት። ጨዋ ቤተሰብ የሚንቀውን ያን አምልኮ መድረክ ላይ ማውጣቷ ያኔ ትልቅ ድፍረት ነበር።

አራተኛው ስህተት፦ የራዲዮ ሥራዋን የሌላ ሰው ማድረግ

ስለ «ካሪቢያን ቮይስስ» የሰማ ሰው የሄንሪ ስዋንዚን ስም ያውቃል። የቢቢሲ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ነው። የካሪቢያን ደራሲያኑ ሳም ሴልቨን፣ ጆርጅ ላሚንግ፣ በኋላ ኖቤል የተሸለሙት ዴሬክ ዋልኮትና ናይፖል በወጣትነታቸው የተሰሙበት። ስዋንዚ ለብዙ ዓመታት መርቶታል፤ ምስጋና ይገባዋል። መሠረቱን የጣለችው ግን ማርሰን ናት።

በ1941 ቢቢሲ በቋሚነት ቀጠራት። በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የፕሮግራም አዘጋጅ ናት። ጦርነት ነው። እንግሊዝ አገር ያሉ የካሪቢያን ወታደሮችና ሠራተኞች በማይክሮፎን ለቤተሰባቸው ሰላምታ ይልካሉ፤ እናት ደግሞ ባርባዶስ ወይም ጃማይካ ሆና የልጇን ድምፅ ትጠብቃለች። ዝግጅቱ «ኮሊንግ ዘ ዌስት ኢንዲስ» ይባላል። ማርሰን በዚህ የወታደር ሰላምታ መሀል ግጥምና አጭር ልብወለድ ማስገባት ጀመረች። በ1943 ያ ክፍል «ካሪቢያን ቮይስስ» ሆነ። እስከ 1958 ዘለቀ።

ከዚያ ዘመን አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ብታገኙት ጊዜ ወስዳችሁ እዩት። በ1942 እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል ለቢቢሲ ያዘጋጀው የነበረው የግጥም ዝግጅት ስቱዲዮ ነው። ዝነኛው ገጣሚ ቲ. ኤስ. ኤሊየት ተቀምጧል። አጠገቡ ማርሰን ተቀምጣለች። ኦርዌል ከኋላ ቆሟል። ብዙ ሰው ይህን ፎቶ የሚያሳየው ስለ ሁለቱ ወንዶች ሊያወራ ነው። እሷም እዚያ የተገኘችው ገጣሚ ስለሆነች፣ ግጥም ልታነብ ነው።

አምስተኛው ስህተት፦ ሕመሟን ወይ መደበቅ ወይ ታሪኳን ሁሉ በእሱ መሸፈን

ከጦርነቱ በኋላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያዛት፤ ወደ ጃማይካም ተመለሰች። ይህን የሚጽፉ ሰዎች ሁለት ቦታ ይሳሳታሉ። አንዳንዱ ነውር ይመስል ይዘለዋል። ሌላው ደግሞ «አበቃላት» ብሎ ይዘጋዋል። አላበቃላትም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጃማይካውያን ደራሲያንን በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ ያቀረበውን ፓዮኒር ፕሬስ በማቋቋም ሠርታለች። ኋላም አሜሪካ ኖራለች። ያረፈችው በ1965 ኪንግስተን ውስጥ ነው። ደግሞ ባይተዋርነት፣ ዘረኝነት፣ የጦርነት ለንደን፣ ከአቅም በላይ ሥራ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሴት ጫንቃ ላይ ነበር። ሕመሟን የሚተርክ ሰው ይህንንም አብሮ ቢተርክ ደግ ነው።

ስድስተኛው ስህተት፦ በግጥሙ ውስጥ የምትናገረዋን ሴት ማርሰን ናት ብሎ መያዝ

ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ግጥሙን ራሱን ይገድለዋልና።

«ኪንኪ ሄር ብሉዝ»ን ውሰዱ። የምታወራው ሴት የውበት ሳሎን ፍለጋ ልትወጣ ነው። ወንዶች ዞር ብለው አያዩዋትም። ከርዳዳ ጸጉሯንና ጥቁር ፊቷን ትወዳቸዋለች፤ ይህንንም አፍ አውጥታ ትናገራለች። ጸጉር መተኮሱን፣ ቆዳ ማንጣቱን ትጠላዋለች። ግን ብቻዋን እንዳትቀር ፈርታ እሺ ትላለች። ችኩል አንባቢ «አየህ፣ ገጣሚዋ በቆዳዋ ታፍር ነበር» ይላል። በፍጹም። ማርሰን ያደረገችው ሌላ ነው። ያቺን ሴት አልዘለፈቻትም፣ አልመከረቻትምም። እንድትናገር ፈቀደችላት። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳይሆን በመንደር አነጋገር፣ ስንኙ እየተደጋገመ በሚመለስበት በጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ዜማ። የምትወደውን ነገር በገዛ እጇ ልታጠፋ የምትሄድ ሴት ድምፅ ነው። ሕመሙ ያለው እሷ እያወቀች መሄዷ ላይ ነው።

ከዚያ «ሲኒማ አይስ»ን አጠገቡ አስቀምጡት። እናት ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጇ ሲኒማ አትሄጂም ትላታለች። ምክንያቷን ትነግራታለች፤ እሷ ራሷ የነጭ ቆንጆዎችን ፊልም እያየች አድጋ ዓይኗ ተበላሽቷል፤ የገዛ ወገኗን ወንድ ንቃለች። ጥቁር ቆንጆዎች ለፊልም የሚመረጡበት ቀን ሲመጣ ያኔ ትሄጃለሽ ትላታለች። ይህ በ1937 የታተመ ነው! ዛሬ ፊልተር እየተባለ በየስልኩ ፊት የሚነጣበትን ዘመን ሳስብ፣ የዚች እናት ንግግር አሁንም ይሠራል እላለሁ።

ሁለቱም ግጥሞች ውስጥ ማርሰን አለች፣ ሁለቱም ውስጥ ደግሞ የለችም። ተውኔት ጸሐፊ ናት፤ ሰው መፍጠር ትችላለች።

የመጨረሻው፦ ከመጀመሪያ መጽሐፏ ጀምሮ ተስፋ ቆርጦ መተው

በ1930 የወጣው «ትሮፒክ ሬቨሪስ» የፍቅር ግጥም ይበዛበታል፤ የእንግሊዝ ሮማንቲክ ገጣሚዎች ሽታ አለው። ከዚያ የጀመረ አንባቢ «አስመሳይ ናት» ብሎ ሊያስቀምጣት ይችላል። የቅኝ ግዛት ትምህርት ቤት ያስተማራት ይህንኑ ነበር፤ ሌላ ምሳሌ አልሰጣትም። ስለዚህ ከ1937ቱ መጽሐፍ ጀምሩ። የጸጉሩን ግጥም፣ የሲኒማውን፣ ለጆ እና ለቤን የተጻፈውን አንብቡ። ከዚያ ወደ 1930 ተመለሱ። የሐምሌትን ዝነኛ ንግግር ገልብጣ አንዲት ሴት ላግባ ወይስ አላግባ እያለች የምትሟገትበትን ግጥም ፈልጉ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኪፕሊንግ ለወንድ ልጅ የሰጠውን ምክርም እንዲሁ ወስዳ ለሚስቶች አድርጋዋለች። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላት ወይም በሞላት ሰሞን የሼክስፒርን ካባ አውልቃ ለጃማይካዊት ሴት ስታለብስ ታዩዋታላችሁ።