ድሮም ሞተር እነዳለሁ ለሚለው የአክስቴ ልጅ

ባለፈው እሁድ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሳ እየበላን፣ የአክስቴ ልጅ ቺያንግ ማይ የአስተማሪነት ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ። ቺያንግ ማይ ሰሜን ታይላንድ ያለች ከተማ ናት። እኔም አራት ዓመት አስተምሬባታለሁ። ደስ ብሎኝ ምክሬን ልጀምር ስል፣ ዓሳውን ከእሾሁ እየለየ "የሞተሩን ተይው፣ ድሮም እነዳለሁ" አለኝ።

እውነቱን ነው። ከአቶቴ ፒያሳ በቦክሰር ሞተሩ ሲመላለስ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔን ያሰጋኝም ይኸው ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ይፈራል፣ ይጠይቃል። ታይላንድ ደግሞ ግማሹ ነገሯ የእኛን ይመስላል። ጫማ አውልቀው ቤት ይገባሉ፣ ታላቅ ያከብራሉ፣ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው፣ አንድ ሞተር ላይ ቤተሰብ ሙሉ ይጭናሉ። "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ብለህ ዘና ስትል ነው ጉድ የሚፈላው። ቤት ገብቼ ይህን ጻፍኩለት። ለመሄድ የምታስቡ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

መንገዱ በግራ ነው

ይህን ሁሉም ያውቃል። መኪና የሞላበት መንገድ ላይ ችግር የለም፣ ሰውን ተከትለህ ትሄዳለህ። ችግሩ ባዶ መንገድ ላይ ነው።

በሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ከአንዲት ሾርባ ቤት ወጣሁ። ሆዴ ሞልቷል፣ ፀሐዩ ገና አልከረረም፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ሞተሯን አስነስቼ የቀኙን ጠርዝ ይዤ ተንፈላሰስኩ። ልክ ሐዋሳ እንዳለሁ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄጃለሁ። አንድ ፒክአፕ ፊት ለፊቴ መጣ። በመጀመሪያ ያሰብኩት "ሰውዬው አብዷል እንዴ፣ በእኔ መስመር!" የሚል ነው። ሹፌሩ ክላክስ አላደረገም። ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በእጁ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ጠቆመኝ፣ ፈገግ አለ፣ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታውኑ ከቤት ይዤ ከሄድኩት ነጠላ ላይ ከጥለቱ አንድ ቀይ ክር መዝዤ የግራ ስፖኪዮዬ ላይ አሰርኩ። ከማደያ፣ ከምግብ ቤት፣ ከግቢ በወጣሁ ቁጥር ለራሴ "ክሩ ወደ ጠርዝ" እላለሁ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም። አንተም ክርም ሆነ ፕላስተር የሆነ ነገር እሰር። በእግርህ ስትሻገርም መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ። አደባባይ ላይ ዙሩ በተቃራኒው ነው። (ሐዋሳ ስመለስ ደግሞ ታቦር ሥር በግራ በኩል ስነዳ አንድ ባለባጃጅ "እህቴ፣ ለንደን ነሽ?" ብሎኛል።)

መብራት ብልጭ ሲያደርጉ ደግሞ እንዳትሸወድ። እኛ ጋ "እለፍ" ሊሆን ይችላል፣ "ወደፊት ትራፊክ አለ" ሊሆን ይችላል፣ ሰላምታም ሊሆን ይችላል። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ "እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገባ" ማለት ነው። አመስግነህ ከገባህ አለቀልህ። ክላክስን በተመለከተ፣ የሐዋሳ አመልህን እዚሁ ተወው። እዚያ ክላክስ ማንባረቅ እንደ ስድብ ነው።

የግራ እጅህ ጉዳይ

ቦክሰር ለለመደ ሰው ይህ ከመንገዱ ይብሳል። እዚያ በብዛት የምታገኘው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆንዳ ዌቭ ነው። ማርሽ አለው፣ በእግር ይቀየራል፣ ግን ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ስትቀይር በግራ እጅህ የምትጨብጠው፣ የለውም። የግራ እጅህ ሥራ ፈት ይሆናል። ሁለተኛው ሆንዳ ክሊክ የሚባለው ስኩተር ነው። ማርሽ የለውም። በግራ በኩል ግን ልክ ፍሪሲዮን የሚመስል ነገር አለው። ፍሪሲዮን አይደለም፣ ፍሬን ነው።

አሁን አስበው። ጥምዝ ላይ ነህ፣ መንገዱ ረጥቧል፣ እጅህ ከስድስት ዓመት ልምዱ የተነሳ ማርሽ ሊቀይር ሙሉ በሙሉ ይጨብጠዋል። ጎማው ይቆለፋል። እኔ ይህን የተማርኩት ቆሜ ልነሳ ስል ስለሆነ ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆንኩም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ተለማመድ። ምርጫ ካገኘህ በዌቭ ጀምር። የትኛውም መንደር ውስጥ የሚጠግነው አይጠፋም፣ ነዳጅም አይጠጣም።

ነዳጁ 91፣ 95 ወይም ኢ20 ይባላል። ከኤታኖል ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ኢ20 ላይ ኤታኖሉ 20 በመቶ ነው። አሮጌ ሞተር ከያዝክ 91 ወይም 95 ቅዳ። ገጠር ውስጥ በጠርሙስ ተደርድሮ የምታየው ቀይ ነገር ሽሮፕ አይደለም፣ ቤንዚን ነው።

ማደያ ላይ አንድ ነገር። ገንዘቡ ላይ የንጉሡ ምስል አለ። ነፋስ ከእጅህ ቢያስጥልህ በእግርህ ረግጠህ አታስቁመው፣ ጎንበስ ብለህ አንሳው። ንጉሡን መድፈር እዚያ በሕግ የሚያሳስር ነው፣ ቀልድ የለም።

ስትከራይ

ፓስፖርትህን በመያዣ ስጠኝ ይሉሃል። አትስጥ። እኔ ሰጥቼ ሞተሯን ስመልስ፣ ባለቤቱ ከታች፣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ፣ ተንበርክኮ ካልሆነ የማይታይ ጭረት አሳየኝ። 4,000 ባት አለኝ፣ በእነሱ ገንዘብ። ጭረቱ የእኔ አልነበረም። ፓስፖርቴ ግን የእሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከፈልኩ። ስለዚህ ፎቶኮፒና ጥሬ ገንዘብ አስይዝ። እምቢ ካሉ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሂድ። ከመውሰድህ በፊት ሞተሯን ዙሪያዋን በስልክህ ቪዲዮ ቅረጻት፣ ታችዋንም ጭምር፣ ባለቤቱ እያየህ።

መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ አከራይ ላታገኝ ትችላለህ። ደስ አይበልህ። አደጋ ቢደርስ የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌለህ የጉዞ ኢንሹራንስህ ሊከፍል እምቢ ይላል። የመኪናው ደግሞ ለሞተር አይሆንም፣ ለየብቻ ነው የሚወጣው።

አንድ ዓመት የምትቆይ ከሆነ የአገሩን አውጣ። የሐኪም ወረቀት ትይዛለህ። የአድራሻ ማረጋገጫ ከኢሚግሬሽን ታመጣለህ፣ ወይም የሥራ ፈቃድህን ታቀርባለህ። ከዚያ የሚያስቅ ፈተና አለ። ቀለም ትለያለህ። ቀይ መብራት ሲበራ ቶሎ ፍሬን ትረግጣለህ። ከሩቅ የቆሙ ሁለት ዘንጎችን በሪሞት እያንቀሳቀስክ ጎን ለጎን ታቆማለህ። የጽሑፉ ፈተና 50 ጥያቄ ነው፣ ለማለፍ 45 ማግኘት አለብህ። በእንግሊዝኛም አለ፣ ትርጉሙ ግን አንዳንዴ ከታይኛው ይከብዳል። እኔ በ43 ወድቄ ደግሜ ነው ያለፍኩት። አስተማሪ ነኝ ማለቴን አልረሳሁም። በተግባሩ ፈተና ጠባብ ጣውላ ላይ እግርህን ሳታወርድ ትነዳለህ። የመጀመሪያው ፈቃድ ለሁለት ዓመት ነው፣ ሲታደስ አምስት ይሆናል።

ሞተር ከገዛህ ሊብሬው አረንጓዴ ደብተር ነው። በሻጩ ስም ካልሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተወው። ቦሎም አላቸው፣ በየዓመቱ የሚለጠፍ ግብር የተከፈለበት ወረቀት። አምስት ዓመት ያለፋት ሞተር መጀመሪያ ምርመራ ታልፋለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት የእነሱ ነው፣ ከፈረንጁ 543 ይበልጣል። 2566 ካለ 2023 ማለት ነው። ከግብሩ ጋር ግዴታ የሆነ መድን አለ፣ ፖ ሮ ቦ ይሉታል። የሰው ጉዳት ብቻ ነው የሚሸፍነው። ለሕክምና፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን መጀመሪያ እስከ 30,000 ባት፣ ጥፋተኛ ካልሆንክ እስከ 80,000። አጥንት ለሰበረ ሰው ይህ በግል ሆስፒታል ቶሎ ያልቃል። ሌላ ጨምርበት።

ሄልሜት ለአንተም ከኋላ ለምትቀመጠውም። ቅጣቱ እስከ 2,000 ባት ይደርሳል። አምቡላንስ 1669፣ ፖሊስ 191። አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግባቸው።

ሰዓታቸው

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ይቆጨኛል። ታዮች ማታውን ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት! ከምሽቱ 1 ሰዓት "ኑንግ ቱም" ነው፣ አንድ። ከምሽቱ 2 "ሶንግ ቱም" ነው፣ ሁለት። ፈረንጆቹ ባልደረቦቼ ሲደናገሩ እኔ ኮራሁ። በደሜ ያለ ነገር ነው አልኩ።

አንድ ቀን አስተማሪዎቹ ዶይ ኢንታኖን ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ቀጠሩኝ። ዶይ ኢንታኖን የታይላንድ ከፍተኛው ተራራ ነው፣ 2,565 ሜትር። ሰዓቱን ስጠይቅ "ሲ" የሚለውን ሰማሁ። ሲ አራት ነው። ከምሽቱ 4 አልኩ። ጃኬቴን ለብሼ፣ ጓንቴን አድርጌ፣ ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው መጥቶ አየኝ። ሄደ። ተመልሶ መጥቶ ወንበር ሰጠኝ። ለካ ያሉት "ሲ ቱም" ሳይሆን "ቲ ሲ" ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቆጠራው "ቲ" ይሆንና እንደ ፈረንጅ ይሄዳል። ቲ ሲ በእኛ ከሌሊቱ 10 ነው። ስድስት ሰዓት ቀድሜያለሁ። ሽሮዋን ከዘበኛው ጋር በላናት።

ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጡህ ቁጥሩን ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ያለችውን ቃል ያዝ። ወይም ስልክህ ላይ እንዲጽፉልህ አድርግ።

ሩቅ ስትሄድ

ከቺያንግ ማይ ወደ ፓይ የሚወስደው መንገድ ቁጥር 1095፣ 762 ጥምዝ አለው ይባላል። ቲሸርት ላይ ሁሉ አትመው ይሸጡታል። ሊማሊሞን በአውቶብስ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚያ አስፋልቱ ያማረ መሆኑ ነው። ያማረ አስፋልት ደግሞ ያስፈጥናል። ሚኒባሶቹ ጥምዝ ላይ ወደ አንተ መስመር ይገባሉ። የግራውን ጠርዝ ይዘህ ሂድ፣ ግን አሸዋና እርጥብ ቅጠል የሚከማቸውም እዚያው ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ አትያዝ፣ በዌቭ ማርሽ ቀንስ። ከፓይ አልፈህ በሜ ሆንግ ሶን ዞረህ ስትመለስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። በአራት ቀን ሂደው። በሁለት ቀን የጨረሱ አሉ፣ ያዩት ግን አስፋልት ብቻ ነው።

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ተራራው ላይ ግን ጠዋት ይበርዳል፣ የሐዋሳን ብርድ አታስብ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ እርሻና ጫካ ስለሚቃጠል ሰሜኑ በጭስ ይታፈናል። ተራራው ራሱ አይታይህም። ከግንቦት ጀምሮ ዝናብ ነው፣ የዝናብ ልብስህ ከመቀመጫው ሥር አይጥፋ። ሚያዝያ 5 አካባቢ ሶንግክራን ይውላል፣ የእነሱ ዘመን መለወጫ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ በባልዲ ውሃ ይረጫጫል። በሞተር የሚሄደውንም አይምሩም፣ የጠጣ ሹፌርም ይበዛል። ሞተርህን ቆልፈህ በእግርህ ውጣና አብረህ ተረጭ።

የቀረው

ጾም የምትጾም ከሆነ "ጄ" የሚለውን ቃል ያዝ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ይጻፋል። ሥጋ የለ፣ ዓሳ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለውም፣ እሱ እንኳ ትንሽ ይበዛል። "አትክልት ብቻ" ብለህ ካዘዝክ ግን የዓሳ መረቅ ጨምረው ያመጡልሃል፣ ለእነሱ እንደ ጨው ነው።

ዕድሜህን ይጠይቁሃል። አትቆጣ። "ፒ" ይበሉህ ወይስ "ኖንግ" ለማወቅ ነው፣ ታላቅና ታናሽ። ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታውን "ፒ" ብለህ ጥራው፣ ፊቱ ሲፈታ ታያለህ። አንተ ንግግርህን በ"ክራፕ" ትጨርሳለህ፣ እኔ በ"ካ"። ከእኔ ሰምተህ "ካ" እንዳትል፣ የሴት ነው።

በየ90 ቀኑ አድራሻህን ለኢሚግሬሽን ታሳውቃለህ። ቤት ስትገባ ደግሞ አከራይህ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። ማድረጉን አረጋግጥ፣ ወረቀቱን አንተ ጋ አስቀምጥ፣ ኋላ ይጠየቃል።

ከዚህ ስትነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን የእጅ ሻንጣህ ውስጥ ክተት። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። በርበሬና ሽሮ እናትህ መያዟ አይቀርም። ሸበጥ አድርገህ አትንዳ፣ ሁሉም ቢነዱም። ቀዩን ክር እኔ እሰጥሃለሁ፣ ነጠላዋ አሁንም አለች። ሐሙስ ቤት ና።