ነጣ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ቢጫ ሲሆን

ለእድሳት እጄ ላይ ከሚገቡት የአሜሪካ የምግብ ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ የ1940ዎቹና የ50ዎቹ ናቸው። የጥንት ግሪክን ቅርጽ መልሰው ያመጡ፣ የቤት ዕቃ ነዳፊው ሮብስጆን-ጊቢንግስ ከ1943 ጀምሮ ለዊዲኮም የቤት ዕቃ ኩባንያ ይነድፋቸው የነበሩትን የሚመስሉ። እንጨቱ ዋልነት ወይም ማሆጋኒ ነው። ንጣቱ የመጣው በኬሚካል ነው። ይህን ያዙልኝ።

ምልክቱ፦ ጠረጴዛው ማር መስሏል። ባለቤቱ «እንጨቱ ጠቆረ» ይላል። አልጠቆረም! ቢጫ የሆነው ላዩ ላይ ያለው ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባለው ቫርኒሽ ነው፤ ሲያረጅ ጠባዩ ነው። ከስሩ ያለው እንጨት አብዛኛውን ጊዜ እንደነጣ ነው።

ማረጋገጫው፦ የማይታይ ጥግ ላይ መጀመሪያ በአልኮል የራሰ ጥጥ አሳርፉ። ቶሎ ከለቀቀ ሼላክ የሚባለው ሌላ ቫርኒሽ ነው። አልኮሉ እምቢ ብሎ የላከር ቲነር ካሟሟው ላከር ነው።

መፍትሄው፦ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አርቁ። ላከሩን በቲነር እያራሳችሁ በጨርቅ አንሱት። ሲደርቅ እንጨቱን በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቫርኒሽ ቀቡት።

የብርጭቆ ወረቀት ግን አታስነኩት። ማንጫው የሚገባው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ላዩ የተለጠፈው ስስ እንጨት ራሱ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። አንድ ደንበኛዬ ማሽን ተከራይቶ ሦስት ጊዜ አስኬደበት። ሲያመጣው ዙሪያው ነጭ፣ መሃሉ ያረረ ድፎ ዳቦ። ሌላዋ እስከ ኮላው ድረስ ፍቃ «ትንሽ ነው የነካሁት» አለችኝ።

እንጨቱ ተርፎ ንጣቱ ብቻ ከሄደ ድጋሚ ይነጣል። ሁለት ጠርሙስ ሆኖ የሚሸጠውን ግዙ፤ አንዱ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሌላው ጠንካራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። የፋርማሲው ደካማ ነው። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። የብረት ዕቃ አትጠቀሙ። በመጨረሻ በውሃ በቀጠነ አቼቶ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ጥረጉት። በረኪና የእንጨቱን የራሱን ቀለም አያነጣም፤ ከዚህ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አትቀላቅሉት። ጓንት አልኩ? ጓንት።

ብርጭቆ ተቀምጦበት የቀረ ነጭ ክብ እርጥበት ነው፤ አልኮል በነካ ጨርቅ ዳበስ አድርጉት። ኦክ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ብረት ነክቶታል፤ ኦክሳሊክ አሲድ ያነሳዋል። ወንበሩ ከተነቃነቀ አሮጌውን ኮላ ሳትፍቁ አዲስ አታፍስሱበት።

ጠረጴዛውን ስታመጡት ማስረዘሚያ ጣውላዎቹንም አምጡ። ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመው ቀለሙ ሌላ ነው፤ አብሮ ካልተሰራ አይገጥምም።