መብራት ከመጣ በኋላ ዳታቤዙ አልገናኝ ሲል

ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ቢሯችን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» አለ። በዚያ ሙቀት ደንበኞች ደረሰኝ ይጠብቃሉ። አጥፍተን እንደገና እንጫነው ያሉ ነበሩ። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ! ሶፍትዌሩ ሰርቨሩ (ዳታው ያለበት ዋና ኮምፒውተር) ላይ ሲከፈት ይሠራል፤ እምቢ ያሉት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዳታው ደህና ነው ማለት ነው።

ሰርቨሩ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቼ አይፒኮንፊግ (ipconfig) የሚለውን፣ የኔትወርክ አድራሻ የሚያሳይ ትዕዛዝ ጻፍኩ። መጨረሻው 10 የነበረው የሰርቨሩ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) 14 ሆኗል። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አዲስ ሰጥቶታል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን የድሮውን ይፈልጋሉ። 10ን ቋሚ አይፒ አድርጌ መለስኩለት፤ ራውተሩም ላይ ለሌላ እንዳይሰጥ አስያዝኩት።

አሁንም እምቢ። ለካ ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» (የሕዝብ) ብሎት ፋየርዎሉ፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣን ግንኙነት የሚቆጣጠረው፣ ዘግቷል። ወደ «ፕራይቬት» (የግል) ቀየርኩት፤ ዳታቤዙን ለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ለኤስኪውኤል ሰርቨር፣ የቲሲፒ ፖርት (የግንኙነት በር) 1433 ከፈትኩ። ወዲያው ገባ።