ከደሴ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ለአንድ ቀን ጉዞ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አብዛኛው መንገደኛ ውሃውን በመስኮት አይቶ ያልፋል፤ ያስቆጫል። ሐይቁንም፣ ዳርቻው ላይ ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ለማየት ሙሉ ቀን ይያዙ።

ከሁሉ በፊት ቀን መምረጥ ነው። በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ስለሚገባ ረፋድ የደረሰ እንግዳ ቅርስ የሚያሳየው አባት አጥቶ ሊውል ይችላል። በሌላው ቀን ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል። ጥቅምት 17 የእስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው፤ ለማክበር ይሂዱ እንጂ ለጉብኝት አይመርጡት፣ ሕዝቡ ይበዛል። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ይጠይቁ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባስ ይያዙ። ሐይቅ ወርደው ገዳሙ ድረስ በባጃጅ ይሄዳሉ፤ ሲሳፈሩ የመመለሻውን ሂሳብና ሰዓት አብረው ይነጋገሩ፤ ካልሆነ ከገዳሙ በር ባጃጅ ፍለጋ ፀሐይ ላይ መቆም ይመጣል።

ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ቤተሰብ ይዘው ከሄዱ ይህን እቤት ሳሉ ይንገሯቸው፤ ዳርቻው ላይ የሚጠብቁበትን ቦታም አስቀድመው ያስቡበት። ነጠላ አይርሱ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጫማ ስለሚወልቅ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ። ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ለገዳሙ የሚሰጡትን ዝርዝር ብር ይያዙ።

ቅጥሩ ውስጥ ሲቆሙ ዙሪያውን ይቃኙ። ዛሬ በእግር የገቡበት ስፍራ ድሮ ደሴት ነበር፤ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ በኩል ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ገዳሙን ደሴት ላይ እንዳለ ጽፎታል። ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተምረው በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እዚህ ገዳማዊ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው እግር ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው፣ የእሳቸው ሥዕል ያለበት ብራና፣ የዚሁ ገዳም ቅርስ ነው። ስለ ብራናው ይጠይቁ እንጂ ካልተፈቀደ አይጫኑ።

ሐይቁን ለከሰዓት ያቆዩት። ወፍ ለማየት ሸንበቆው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ውሃው ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ ስላለ ለዋና አይግቡ። በጀልባ ከወጡ ነፋስ ሳይነሳ ይመለሱ። ምሳ የዕለቱ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ጥብስ ይሁን፤ ዓሣው ሳይጠበስ በጭንቅላቱ ጎን ያለውን መተንፈሻውን ይክፈቱና ይዩት፤ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ይተዉት።

ከ10 ሰዓት በፊት አስፋልቱ ላይ ይገኙ፤ ሲመሽ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ይሳሳል። አርዲቦን በዚያው ቀን አይደርቡት። ከሐይቅ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ወርዶ ሐይቅ ይገባል፣ ሐይቅ ግን መውጫ ወንዝ የለውም። ለእሱ ሌላ ቀን ይያዙለት።