ሰኞ ጠዋት የደረቀ ባጌት አትጣሉ

በፈረንሳይ ገጠር ትንሽ መንደር ውስጥ ዳቦ ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሰኞ፣ ዝግ ነው። ሌላ ዳቦ ቤት ፍለጋ ደግሞ መኪና ማስነሳት ይጠይቃል። የእሁዱ ባጌት (ረጅሙ ቀጭን የፈረንሳይ ዳቦ) በበኩሉ ዱላ ሆኖ ያድራል።

ወደ ትኩስነቱ የሚመልሰው ዘዴ ቀላል ነው። ቧንቧ ከፍታችሁ ቅርፊቱን ዙሪያውን ቶሎ ውሃ አስነኩት። የተቆረጠውን ጫፍ ግን ውሃ አታግቡበት፤ ውስጡ ይላቁጣል። ከዚያ በ200 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ከ5 እስከ 7 ደቂቃ። ቅርፊቱ በጣት ሲነካ ኮሽ ካለ ደርሷል።

ዳቦ የሚጠነክረው ውሃው ስላለቀ ብቻ አይደለም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ሲያድር ስለሚጠጥርም ነው። ሙቀት መልሶ ያላላዋል፤ ቅርፊቱ ላይ ያለው ውሃ ደግሞ እንፋሎት ሆኖ ድርቀቱን ይከላከላል። በኔ ምርጫ ለዚህ የሚሆነው «ትራዲሲዮን» የሚባለው፣ በባህላዊው መንገድ የሚጋገረው ባጌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፈረንሳይ ድንጋጌ ተጨማሪ ኬሚካል እንዳይገባበት ይከለክላል፤ ጣዕሙም ያስታውቃል።

ታዲያ በትኩሱ ብሉት። ከቀዘቀዘ ከበፊቱ ብሶ ይደርቃል። ሻጋታ ካያችሁበት አትሞክሩት። ማይክሮዌቭም ይቅርባችሁ፤ ለማኘክ ያስቸግራል።